መርፌ የማያውቅ ሥጋ ንጹሕ ነውን?

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ ከባቲ ማዶ ካለው ቆላ ሲመለስ የሚዳቋ ሥጋ ይዞልን መጣ። ሚዳቋዋ ሆዷ ላይ በጥይት ተመትታ፣ ነፍሷ ሳይወጣ ተደርሶባት ታርዳለች። ከጭኗ ጥቂቱን በዚያው ምሽት እኔና ወንድሜ ጥሬውን በሚጥሚጣ በላነው፤ የቀረውን ባለቤቴ ዘልዝላ ቋንጣ አድርጋ ሰቅላዋለች። ይህ ከሆነ አምስት ቀኑ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ‹የዱር እንስሳ መርፌ አያውቅ፣ የፋብሪካ መኖ አያውቅ፣ ከከተማ በሬ ይልቅ ንጹሕ ነው› ይለናል። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ጥሬውን አልቀመሰችም። የአራት ዓመት ልጅ አለን፤ ከትናንት ጀምሮ ቋንጣውን ከገመዱ እየቆረጠ ያኝካል። ልከልክለው ወይስ ልተወው?»

ይከልክሉት። አሁኑኑ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ። ቋንጣውን የልጁ እጅ ከማይደርስበት ያንሱትና ተመልሰው ይምጡ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናወራዋለን።

በእንስሳት ሐኪምነት አብዛኛውን ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ነው። ከዚያም ውስጥ ብዙው ያለፈው ቄራ ውስጥ፣ ነጭ ጋዋንና ቦቲ ጫማ አድርጌ የታረደ ከብት ሆድ ዕቃ ሳገላብጥ ነው። የጎረቤቶችዎን ወሬ ለማናናቅ አልመጣሁም፤ ግማሹ እውነት ነው። ሚዳቋን መርፌ የሚወጋ የለም። በሥጋዋ ውስጥ የመድኃኒት ቅሪት የመገኘቱ ዕድል፣ መድኃኒት ተወግቶ ሳምንት ሳይሞላው ለገበያ ከቀረበ በሬ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው። እስከዚህ እንስማማለን። የምንለያየው መርፌ አለመወጋትና ከባክቴሪያ መጽዳት እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ነው። ባክቴሪያው የሚኖረው አንጀት ውስጥ ነው፤ አንጀት ደግሞ የዱሩም የቤቱም አለው።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰዎችን ለማስረዳት ያስቸገረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ እኛን የሚያሳምመን እንስሳ የግድ ራሱ የታመመ አለመሆኑ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ ብዙ ሰው በስም ያውቀዋል። አብዛኛው ዘሩ ጉዳት የለውም፤ በእርስዎም በእኔም አንጀት ውስጥ አለ። ከዘሮቹ አንዱ ግን፣ ኦ157 የሚል መለያ የተሰጠው፣ ሺጋ የተባለ መርዝ ያመነጫል። የዚህ ዘር ዋና ቤቱ የሚያመሰኩ እንስሳት አንጀት ነው። መርዙ ከብቱን አይጎዳውም፤ መርዙ የሚጣበቅበት መያዣ በአንጀቱ የደም ሥሮች ላይ የለምና። የሰው የአንጀትና የኩላሊት የደም ሥሮች ግን ያ መያዣ አላቸው። እናም ዓይኗ የሚያበራ፣ ጠጉሯ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ነፋስ የምትሮጥ እንስሳ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ልትሮጥ ትችላለች። ሰውን ለማሳመም ደግሞ ብዙ አያስፈልግም፤ ለኦ157 ከ100 ያነሱ ባክቴሪያዎችም ይበቃሉ። በዓይን ቀርቶ በተራ ማጉያ መነጽር የሚታይ መጠን አይደለም።

ደግሞስ «ዱር» የምንለው የት ነው? በቆላው ሚዳቋዋ የምትጠጣው ግመሉና ፍየሉ ከሚጠጣበት ኩሬ ነው። የጎፍ ደን ውስጥ የሚውለው ድኩላ ማታ ወርዶ ከሰው ማሳ ይገባል፤ ዝንጀሮውማ ማታን እንኳ አይጠብቅም። በማግስቱ ከብቱ እዚያው ይሰማራል። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉት ሌሎቹ ባክቴሪያዎችም፣ ሳልሞኔላው፣ ካምፒሎባክተሩ፣ ብሩሴላው፣ የከብት ሳንባ ነቀርሳው በዚህ የጋራ ውኃና ግጦሽ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ማን ለማን እንደሰጠ ለመለየት ላቦራቶሪም ይቸገራል።

ስለዚህ ሚዳቋዋን ከበሬው የሚለያት ንጽሕናዋም ቆሻሻነቷም አይደለም። በሬው ያለፈበትን ፍተሻ ሳታልፍ ድስት መግባቷ ነው። በሬው ከመታረዱ በፊት ቆሞ ይታያል፤ አረማመዱ፣ አተነፋፈሱ፣ አፍንጫው። ያጠራጠረ ይለያል። ከታረደ በኋላ ተሰቅሎ ይገፈፋል፤ ሆድ ዕቃው ሁለት ጫፉ ታስሮ ሳይቀደድ በሙሉው ይወርዳል። እንዲህ መሆን አለበት ማለቴ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልምልም። ከዚያ የጭንቅላቱ ንፍፊቶች ይሰነጠቃሉ፣ ሳንባው ይዳሰሳል፣ ጉበቱ ይሰነጠቃል፣ ልቡ ይከፈታል፣ ጣፊያው ይታያል። ማኅተሙ የሚመታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሰው ተገፎ በጆንያ የተጠቀለለ ድኩላ ይዞ ቄራ ደጃፍ ድረስ መጣ። «ዶክተር፣ ይዩልኝና ማኅተም ይምቱበት» አለኝ። ሳንባና ጉበቱ የት እንዳለ ጠየቅሁት። «ለውሾቹ ሰጠናቸው» አለ። ታዲያ ምኑን ልየው? ሥጋ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚመሰክሩት ሳንባና ጉበት ውሻ ሆድ ገብተዋል። (ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ መስጠት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ውኃ የቋጠረ ጉበት የበላ ውሻ የትሉን ዕንቁላል በዓይነ ምድሩ ለግቢው ልጆች ያከፋፍላል።) ማኅተም ሳልመታ መለስኩት፤ አኩርፎኝ ሄደ።

ወደ እርስዎ ሚዳቋ እንመለስ። ከጻፉት ሁሉ ያስደነገጠኝ «ሆዷ ላይ ተመትታ» የሚለው ነው። የጤነኛ እንስሳ ጡንቻ ውስጡ ከባክቴሪያ የጸዳ ነው ለማለት ይቻላል። የሚበከለው ከላይ ነው፤ ከቆዳው፣ ከቢላዋው፣ ከእጅ፣ ከፈርሱ። ሆድ የበሳ ጥይት ግን ፈርሱን ወደ ጭንና ወደ ሽንጥ ይበትነዋል፤ በቁስሉ መንገድም ወደ ጥልቁ ሥጋ ያስገባዋል። ከዚያ የቆሰለች ሚዳቋ ትሮጣለች። ስትሮጥ ጡንቻዋ ያጠራቀመውን ስኳር ትጨርሳለች። በእርጋታ የታረደ እንስሳ ሥጋ ይህን ስኳር ወደ አሲድ ለውጦ በራሱ ይኮመጥጣል፤ ፒኤች የሚባለው የአሲድ መለኪያ ወደ 5.5 አካባቢ ይወርዳል፣ ይህም የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል። ስኳሩን በሩጫ የጨረሰ ሥጋ ግን ከ6 በላይ እንዳለ ይቀራል። ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ቶሎ ይበላሻል። የቆዩ አዳኞች የተባረረ እንስሳ ሥጋ እንደሚጠቁር ያውቃሉ፤ ምክንያቱ ይህ ነው።

ጉዞውም አለ። ከባቲ ኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ከባቲ ማዶ ስንት ሰዓት እንደፈጀ አልነገሩኝም። ትኩስ ሥጋ ጆንያ ወይም ፌስታል ውስጥ ታጭቆ በቆላ ፀሐይ ሲጓዝ ቶሎ አይበርድም። በተመቻቸው ሙቀት ኢ. ኮላይ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ይሆናል። መቶ ሆኖ የተነሣው በሦስት ሰዓት ተኩል ከመቶ ሺህ ይበልጣል።

«አንተስ ቁርጥ አትበላም?» የሚለኝ ይኖራል። እበላለሁ። በበዓል፣ ማኅተም ያለበትን፣ አራጁን ከማውቀው ሥጋ ቤት። ከሙያዬ ጋር የማይስማማ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ ምላሴ ዕውቀቴን ያሸነፈበት ቦታ ነው፣ የኮሶ መድኃኒትም ውጫለሁ። ጥሬ ዱለት ግን ከተውኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ዱለት ማለት ባክቴሪያው የሚኖርበት ጨጓራ ራሱ ነው፤ በወጣትነቴ ባለሙያ ነኝ ብዬ ተኩራርቼ በልቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ሽንት ቤት ስመላለስ ከርሜያለሁ። ሚጥሚጣው አልረዳኝም። ሎሚም አይረዳም። አረቄማ የሚገድለው ጥርጣሬን ብቻ ነው።

በወሎ ሥጋ የእስላም፣ የክርስቲያን ተብሎ ይለያል፤ ለአንድ ሠርግ ሁለት ድንኳን ተተክሎ ሁለት በሬ ሲጣል ያላየ የለም። ጥንቸልና ሽኮኮን ክርስቲያኑ አይበላም፤ ከርከሮን ሁለቱም አይነኩም። በዚህ ምክንያት ሌላ አገር ከዱር አሳማ ሥጋ የሚመጡ በሽታዎች እኛን እምብዛም አያገኙንም። ሚዳቋና ድኩላ፣ ቆቅና ጅግራ ግን በሁለቱም ማዕድ ይቀርባሉ።

አሁን ወደ ቋንጣው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ አዳኝ ያመጣውን የአጋዘን ሥጋ ቤት ውስጥ ቋንጣ አድርገው የበሉ 11 ሰዎች በኢ. ኮላይ ኦ157 ታመሙ። (የእነሱ አጋዘን ከእኛው አጋዘን በዘር ይለያል፤ የሚያመሰኩ መሆናቸው ግን ያው ነው።) ቋንጣው የደረቀው በማድረቂያ መሣሪያ፣ ከ50 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት፣ ለብዙ ሰዓታት ነበር። በእኛ ወጥ ቤት ገመድ ላይ ከሚሰቀለው በእጅጉ የሞቀ ነው ማለት ነው። መርማሪዎቹ ባክቴሪያውን ከተረፈው ቋንጣ አገኙት፤ ካልደረቀው ሥጋ አገኙት፤ ከቆዳው ቁራጭ ላይ አገኙት፤ ሥጋውን ከቆራረጡበት መጋዝ ላይም አገኙት። አጋዘኑ ከታደነበት አካባቢ ከለቀሙት በጠጥ ውስጥም ነበረ። እኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎች ስነግር ሁልጊዜ የምቆመው መጋዙ ላይ ነው። ሁሉም ስለ ሥጋው ሲያስብ መጋዙ ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ነገ ለሌላ ሥራ ይወርዳል። በእርስዎ ቤት መጋዙ ባለቤትዎ የዘለዘሉበት ቢላዋና መክተፊያ ነው። ያን ዕለት ሰላጣና ቃሪያ በዚያው መክተፊያ ላይ ተከትፎ ከሆነ ቋንጣውን ያልቀመሰውም ቀምሶታል። ሁለቱንም በሳሙናና በሙቅ ውኃ ይጠቡ፣ በበረኪናም ይለቅልቁ፤ የእንጨቱ መክተፊያ ተሰነጣጥቆ ከሆነ ከነጭራሹ ይጣል።

መድረቅ ባክቴሪያ እንዳይራባ ያደርጋል፤ የነበረውን ግን ሁሉንም አይገድልም። ጨውም እንዲሁ ነው። ማቀዝቀዣም እንዲሁ፤ በረዶ ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ብዙው አይሞትም፣ ይተኛል። የሚገድለው እሳት ነው፤ ለተፈጨና ለተዘለዘለ ሥጋ እስከ መካከሉ 71 ዲግሪ፣ ለአእዋፍ 74። «እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውኃ በደንብ አይፈላም» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው፤ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ደሴ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ 94 ገደማ። ይህ ባቄላ ለሚቀቅል ሰው ችግር ነው። ለሳልሞኔላ ግን ከበቂ በላይ ነው።

ስለዚህ እርስዎና ወንድምዎ ቋንጣውን መብላት ካልቀረላችሁ፣ ተሰባብሮ ወጡ ውስጥ ገብቶ እስኪለሰልስ ይንተክተክ። ለፍርፍር ብሎ በመጨረሻው ደቂቃ ጣል አድርጎ ማውጣት፣ ወይም ከሰል ላይ ለብለብ ማድረግ አይበቃም። የተሠራው ወጥም ሞቅ እንዳለ ምድጃ ላይ አይደር፤ መፍላትን ተቋቁመው በሚቆዩ ዘሮቻቸው (ስፖር ይባላሉ) ሌሊቱን የሚራቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሉ። ለባለቤትዎና ለልጁ ግን በስሎም ቢሆን ይቅርባቸው እላለሁ። ሆዷ የተበሳ፣ ማንም ያልመረመራት እንስሳ ናት፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን በግምት አልፈርድም። ለሌላ ጊዜ ከታወቀ ቦታ የተገዛ የበሬ ሥጋም ቢሆን ቋንጣ ለማድረግ ሲያስቡ ዝልዝሉን ጨውና ቅመም ባለበት ውኃ ውስጥ አፍልቶ ከዚያ መስቀል ይቻላል። መልኩ እንደ ወትሮው ደማቅ አይሆንም፤ ባለቤትዎ ላይወዱትም ይችላሉ።

እናንተ ሁለታችሁ ጥሬውን ከበላችሁ አምስት ቀን አልፏል። ሳልሞኔላ ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት እስከ 6 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ ካምፒሎባክተር ከ2 እስከ 5 ቀን፤ ኦ157 አብዛኛውን ጊዜ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን፣ አንዳንዴ እስከ 10 ቀን ዘግይቶ። እስካሁን ደህና ከሆናችሁ ብዙው ስጋት አልፏል። የልጁ ቀን ግን የሚቆጠረው ከትናንት ነው። ብርቱ የሆድ ቁርጠትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካዩበት በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይውሰዱት፣ የዱር እንስሳ ጥሬ ቋንጣ መብላቱንም አስቀድመው ይናገሩ። ከመድኃኒት ቤት በራስዎ ፀረ ተሕዋስ አይግዙለት፤ በኦ157 ላይ አንዳንዱ መድኃኒት መርዙን ሊያባብስ ይችላል፣ መወሰን ያለበት ሐኪሙ ነው። ተቅማጥ የሚያቆም ክኒንም አይስጡት። የሚያስፈልገው ፈሳሽ ነው፣ በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስ.። ተቅማጡ ተሽሎት ሳለ ፊቱ ከገረጣ፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ከደከመ፣ ያ ይበልጥ አስጊው ምልክት ነው። መርዙ ኩላሊቱ ላይ ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ ለዚህ ከሁሉ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው።

ባለቤትዎ ጥሬውን አለመቅመሳቸው ትልቅ ነገር ነው። ለነፍሰ ጡር የምንፈራው ሊስቴሪያን ነው፤ በማቀዝቀዣ ውስጥ እንኳ የሚራባ ባክቴሪያ ሲሆን፣ እናትየዋ ላይ እንደ ቀላል ጉንፋን ያልፍና ጽንሱን ሊያስወርድ ይችላል። ከሳምንታት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ ትኩሳት ከተሰማቸው «ጉንፋን ነው» ብለው አይለፉት፤ ክትትል ለሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ ሥጋ መዘልዘላቸውን ይንገሩ።

ስለ ቆቅና ጅግራ አልጠየቁኝም፤ ግን ቆላ የሚመላለስ ወንድም ያለው ሰው ቤት አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። አእዋፍ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር በብዛት ይሸከማሉ። እንደ ዶሮ ወጥ ረጅም ሰዓት ከተሠሩ ወጡ ራሱ አያሰጋም። ስጋቱ ያለው አስቀድሞ ባለው እጥበት ላይ ነው። ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብ የእናቶቻችን ሙያ ነውና ተዉ ብል የሚሰማኝ የለም፤ ቢያንስ በቧንቧ ሥር እየተረጨ ሳይሆን በሳፋ ውስጥ ይታጠብ፣ ውኃውም ከሰላጣው ርቆ ይደፋ። ወፍ ደግሞ ሳይታረድም ሊያሳምም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአላስካ መቶ የሚጠጉ ሰዎች በካምፒሎባክተር ታመው ምክንያቱ ሲፈለግ ጥሬውን የተበላ የአተር እሸት ሆኖ ተገኘ፤ ማሳው ላይ የሚያርፉ ትልልቅ ወፎች በኩሳቸው በክለውት ነበር። የአተር እሸት እየፈለፈልን የምንበላ እኛ ይህን ሰምተን እሸቱን እንደማንተወው አውቃለሁ። ቤት ወስዶ አጥቦ መቀቀል ግን አይከብድም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። ሚዳቋዋን የገፈፈው ወንድምዎ ከሆነ እጁን ይመልከቱለት። የማያም፣ ዙሪያው ያበጠ፣ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ካለበት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ይታይ፤ ቶሎ ከተደረሰበት የሚድን ነው። አባ ሰንጋ የበሬ ብቻ በሽታ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ በማጎ ብሔራዊ ፓርክ ከሺህ የሚበልጡ የዱር እንስሳት በዚሁ በሽታ አልቀዋል፣ አብዛኞቹ የአጋዘን ወገን ነበሩ። የአባ ሰንጋ ስፖር አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ የደሴ ፈላ ውኃም እርግጠኛ ሆኖ አይገድለውም። ስለዚህ በረሃ ላይ ሞቶ የተገኘ እንስሳ አይገፈፍ፣ አይከፈት፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። ኮምቦልቻ ላይ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ስላለ ናሙናው ሩቅ አይሄድም። ወንድምዎ ያለ ፈቃድ አድኖ እንደሆነ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ይከለክለዋል። እኔ ፖሊስ አይደለሁም፤ ግን ሰው ተደብቆ ያደነውን እንስሳ ለባለሙያ ማሳየት ስለሚፈራ፣ ጉዳዩ ከሥጋው ደኅንነት ጋርም ይገናኛል።

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ሚዳቋዋ ጤነኛ ነበረች ብዬ ነው። ይህንን የሚያውቀው ወንድምዎ ብቻ ነው። ጠይቀውት ዛሬውኑ መልሱን ይጻፉልኝ፦ ሲጠጋት ሸሽታ ነበር ወይስ ቆማ ጠበቀችው? ከታረደች በኋላስ ደሟ ረግቶ ነበር?